በአንድ መሪ ላይ ሁለት ዘመን
የሞተር ብስክሌት የፍሪሲዮንና የፍሬን መጨበጫ ታሪክ፣ በኮንጋም ያለው አገጣጠም

ይህን ጥናት ለመጀመር ምክንያት የሆነኝ በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ በታላቅ ወንድሜ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። ወንድሜ በኮንጋና በይርጋጨፌ መካከል በሞተር ብስክሌት ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ይተዳደራል። በወደቀ በአራተኛው ቀን መጥቼ ስጠይቀው ቀኝ ትከሻው ታስሮ ከደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። እንዴት እንደ ወደቀ ብጠይቀው «እኔ ፍሬኑን አልያዝሁትም፤ እርሱ ራሱ ያዘ» አለኝ። ቤተ ሰቡ ይህን ንግግር ከድንጋጤ የመጣ ነው ብሎ ትቶታል። ጎረቤቶች ሞተሩን ሲያነሡት የፊት ጎማው አልዞር ስላላቸው ተሸክመው ከጥላ ሥር አኖሩት፤ ወደ ማታ ግን ልጆች ለጨዋታ ሲገፉት ጎማው ያለ ምንም ችግር ዞረ። ከዚህም የተነሣ ጥፋቱ የነጂው እንጂ የሞተሩ አይደለም ተባለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ሌሎቹ አስቤ ነበር።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ወንድሜ አዲስ የፍሬን መጨበጫ ማስገጠሙን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እየጠየቅሁ ስሄድ፣ ከአንድ መካኒክ ወደ ሌላ መካኒክ፣ ከመካኒክም ወደ መጽሐፍ ቤት ደረስሁ፤ ወንድሜ የተናገረው ቃልም በሙሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማስረዳት ወደ 130 ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ስለሚያስፈልገኝ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የውጭውን አገር ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ዓ.ም. እያልሁ በራሳችን ጽፌአለሁ። መጨበጫ የምለው ደግሞ ከመሪው እጀታ ፊት ለፊት ተዘርግቶ በጣት የሚሳበውን ዘንግ ነው፤ በግራ ያለው የፍሪሲዮን፣ በቀኝ ያለው የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ፍሬን በእግር ስለሚረገጥ በዚህ ጽሑፍ አልገባበትም።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልናገር። ኮንጋ በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ የሚገኝ የቡና አገር ነው። የዱሮ ጽሑፎች ይህን ሕዝብና አውራጃ «ደራሳ» ይሉት ነበር፤ ዛሬ ሕዝቡ በራሱ ስም ጌዴኦ ተብሎ ይጠራል። አገሩ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ በተዳፋቱ ላይ እንሰትና ቡና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በአንድነት ይበቅላሉ። ይህ አኗኗር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል። ለቅርስነት ያበቃው ተዳፋት ግን ለነጂ ፈተና ነው። ቀይ ቡና ከተለቀመ በኋላ ሳያድር ወደ ማጠቢያው መድረስ አለበት፤ ካደረ ይቦካል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ቀድሞ በሰው ጀርባና በአጋሰስ ይወርድ የነበረው ዛሬ በብዛት በሞተር ብስክሌት ይወርዳል። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሞተር የሚወድቀውም በዚያ ጊዜ ነው፤ ሲወድቅም ከሁሉ አስቀድሞ መሬት የሚነካው የመሪው ጫፍ ስለ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰበረው መጨበጫው ነው። ስለዚህ መጨበጫ መለወጥ በእኛ ዘንድ ብርቅ ሥራ አይደለም፤ እንደ ጎማ መለጠፍ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እገባለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሞተር ብስክሌቶች የፍሪሲዮን መጨበጫ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በ1894 በጀርመን አገር በብዛት ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበው የሂልደብራንድና የቮልፍሙለር ሞተር፣ ኃይሉ ከፒስቶኑ በቀጥታ ወደ ኋላ ጎማው የሚሄድ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ጎማው ይዞራል፤ ጎማው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል። ነጂው እየገፋ ሮጦ ሲነሣለት መዝለል ነበረበት። የሞተሩን ኃይል ከጎማው ለጊዜው የሚለይ መሣሪያ፣ ማለት ፍሪሲዮን፣ በሞተር ብስክሌት ላይ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

መጨበጫን ያስገኘው ግን ሌላ ፈጠራ ነው፤ እርሱም በሽፋን ውስጥ የሚሄደው የብረት ገመድ ነው። ለዚህ ፈጠራ በ1896 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት የተሰጠው ኧርነስት ባውደን ለሚባል ሰው ነው። (ብዙ ሰዎች የራሌ ብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ከነበረው ከፍራንክ ባውደን ጋር ያምታቱታል፤ ሁለቱ ሌሎች ሰዎች ናቸው።) ከዚያ በፊት ከእጅ ወደ ጎማ ኃይል የሚተላለፈው በቀጥታ ዘንግ ነበር፤ ዘንግ ደግሞ ጥግ አይዞርም። የባውደን ገመድ እንደ ተፈለገ ይታጠፋል፤ ምሥጢሩም በሽፋኑ ነው። የይርጋጨፌው ሽማግሌ መካኒክ፣ ወደ ፊት የምናገርላቸው፣ ይህን ሲያስረዱኝ የሱሪ ማሰሪያ ገመድ ምሳሌ ሰጡኝ። ገመዱ ሳይነካ ጨርቁን ብትዘረጋው ገመዱ ያጥራል፤ ጨርቁን ብትሰበስበው ገመዱ ይረዝማል። በመጨበጫው ሥር ያለችው ማስተካከያ ቪቴም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ገመዱን የምታሳጥር ይመስለዋል፤ እርስዋ ግን ሽፋኑን ነው የምታስረዝመው።

ገመዱ ከተገኘ በኋላ የመጨበጫው ቦታና መልክ ለብዙ ዓመታት አልረጋም። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በነበሩ ብዙ ሞተሮች ላይ መጨበጫው የሚታሰረው በመሪው ጫፍ ነበር፤ ምላሱም ወደ ውስጥ፣ ወደ ነጂው ደረት ያመለክት ነበር። በአሜሪካ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች ፍሪሲዮኑን በግራ እግር ያስረግጡ፣ ማርሹን በእጅ ያስለውጡ ነበር፤ ይህ ፋብሪካ በእጅ ወደሚሳብ ፍሪሲዮንና በእግር ወደሚለወጥ ማርሽ መዛወር የጀመረው በ1952 ነው። የእንግሊዞቹ ሞተሮች ደግሞ ማርሹን በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑን በግራ እግር ያደርጉ ነበር። ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ ማርሽ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ይሁን ተብሎ በአሜሪካ ሕግ የታዘዘው በ1974 ነው፤ ገበያ እንዳያጡ ሌሎቹም ተከተሉት። እንግዲህ የኮንጋ ወጣት ሳያስብ በግራው የሚስበውና በቀኙ የሚጨብጠው ሥርዓት ከእኛ መምህራን የብዙዎቹን ያህል እንኳ ዕድሜ የለውም።

በዚህ መካከል የግራውን መጨበጫ ጨርሶ የተወ ሞተርም ነበር። የጃፓኑ ሆንዳ በ1958 ያወጣው ሱፐር ካብ ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ፍጥነት ራሱ የሚለይና የሚገናኝ ነው። ይህም የተደረገው የምግብ ቤት አድራሽ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እንዲነዳ ነው ይባላል። እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶአል። እንዲህ ያለ ሞተር ለእኛ ተዳፋት ይስማማ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወንድሜ «ግራ እጄ ሥራ ከፈታ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብሎ ቀልዶብኛል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የታሪኩን ዱካ ከዕቃው ይልቅ በቃሉ እናገኘዋለን። በሞተር መካኒክ ደጅ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ የጣሊያን ጦር መኪናና ሞተር ብስክሌት በብዛት አስገባ፤ ጠላት ሲወጣ ጋራዡና የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ሕዝቡ ለሞተር ብስክሌት በድምፁ «ዶቅዶቄ» የሚል የራሱን ስም አወጣለት፤ የውስጥ ዕቃውን ግን በባዕዱ ስም መጥራቱን አልተወም። ዛሬ ኮንጋ የሚነዱት ሞተሮች በብዛት የህንድ ሥራ ናቸው፤ ቦክሰርና ቲቪኤስ የማያውቅ ልጅ የለም። (ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ የተባለው ፋብሪካ ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር ባጃጅ ማለት ባለ ሦስት ጎማው ሆኖ ቀርቶአል።) የህንድ ዕቃ በጣሊያን ስም ተጠርቶ በጌዴኦ እጅ ይገጠማል።

የግራውን መጨበጫ አገጣጠም በዓይኔ ያየሁት በይርጋጨፌ ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ ነው። እኒህ ሰው ጋሼ ይባላሉ፤ ስማቸውን አልጽፍም። አንድ ወጣት የተሰበረ የፍሪሲዮን መጨበጫ ለማስለወጥ ከዲላ የተገዛ አዲስ ይዞ መጣ። ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በክብሪት እንጨት ለኩ። የሚለኩት መጨበጫው ከሚዞርበት ቀዳዳ እስከ ገመዱ ራስ መቀመጫ ያለውን ርቀት ነው። ድንጋይ በዘንግ ፈንቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ርቀቱ ሲያጥር ለእጅ ይቀላል፣ ነገር ግን የሚሳበው ገመድ ያንሳል፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለይም፤ ማርሹም ይንኳኳል። ርቀቱ ሲረዝም ደግሞ ገመዱ በብዙ ይሳባል፤ ጣት ግን ይደክማል። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት መጨበጫዎች በዚህች በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ወጣቱ የገዛው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚታጠፍ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር፤ ጋሼ ግን ለክተው «ይህ ለዚህ ሞተር አልተወለደም» ብለው መለሱለት። ወጣቱም አኵርፎ ሄዶ በማግሥቱ ተራውን ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጣን ነበር። ከላይ በመጨበጫው፣ ከታች በሞተሩ አጠገብ ያሉትን ማስተካከያዎች ወደ ውስጥ አጥብቀው ገመዱ እንዲላላ አደረጉ። የማስተካከያዋንና የቀለበቷን ስንጥቅ ከመቀመጫው ስንጥቅ ጋር አገጣጥመው ገመዱን በዚያ አወጡት። ዳዶውን ከሥር ፈቱ፤ ቡሎኑን ከላይ ሳቡ። አዲሱን ከማስገባታቸው በፊት ቀዳዳውንና የገመዱን ራስ ግራሶ ቀቡ፤ ይህን የማያደርግ መካኒክ ገመዱ በራሱ ላይ ቶሎ ይበጠስበታል። ቡሎኑን ካጠበቁ በኋላ መጨበጫው በራሱ ክብደት እንደ ልብ መውደቁን አይተው ዳዶውን አሰሩ።

ቀጥሎም ገመዱን ከታች በኩል አስተካክለው ለላይኛው ማስተካከያ ጥቂት ብቻ አስቀሩለት። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ዋና ፍሬ ያለው። መጨበጫው ሲሳብ ወዲያው ፍሪሲዮኑን መሳብ የለበትም፤ በመጀመሪያ በባዶ የሚሄድባት ትንሽ መላወሻ ያስፈልገዋል። በብዙዎቹ ቀላል ሞተሮች ይህች መላወሻ በመጨበጫው ጫፍ ስትለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ከናካቴው ከጠፋች ፍሪሲዮኑ ዘወትር በጥቂቱ እንደ ተያዘ ይኖራል፤ የቡና ጆንያ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተልም፤ ውሎ አድሮም ሸራው ይቃጠላል። ጋሼ በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዞሩት፤ መሪው ሲዞር ገመዱ ከተወጠረና የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ እንደ ገና ይጀምራሉ። መቀመጫውንም በመሪው ላይ ከልክ በላይ አያጠብቁትም። «ሲወድቅ ይዙር፤ ካልዞረ ይሰበራል» ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የባውደን ዘመን ነው። የቀኙ እጅ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ከዚያ ዘመን ወጥቶአል። በብዛት ከተሠሩት ሞተሮች መካከል በዘይት ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በመውጣት ዓለምን ያስለመደው በ1969 የወጣው የሆንዳ ሲቢ 750 ነው። በዚህ ዓይነት ፍሬን ገመድ የለም። መጨበጫው ሲሳብ አፍንጫው አንዲት ትንሽ ፒስቶን ይገፋል፤ ፒስቶኗ ዘይቱን ትገፋለች፤ ዘይቱም ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። መጨበጫው ሲለቀቅ ፒስቶኗ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች አንዲት በር ትከፍታለች። ፍሬን ሲሠራ ይሞቃል፤ ዘይትም ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በዚያች በር ነው። ፒስቶኗ ጨርሳ ካልተመለሰች በሩ ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ የሰፋው ዘይት መሄጃ ስለሚያጣ ሸራዎቹን በራሱ ይገፋል፤ በዚህ ምክንያት ዲስኩ አብልጦ ይሞቃል፣ ዘይቱም አብልጦ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ጎማው ማንም ሳይነካው ይያዛል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዘይቱ ይሰበሰብና ጎማው ይለቀቃል።

ወንድሜ «እርሱ ራሱ ያዘ» ያለው፣ ልጆቹም ማታ ሲገፉት የዞረው ስለዚህ ነው። የሞተሩ የኋላ ቀይ መብራት ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሳይጠፋ እንደ ዋለ አንዲት ተሳፋሪ ነግራው እንደ ነበረ ወንድሜ ትዝ ያለው ስጠይቀው ነው። ያ መብራት የሚበራው መጨበጫው ሲሳብ ነው፤ ሳይሳብ ከበራ መጨበጫው ወደ ቦታው አልተመለሰም ማለት ነው። ምልክቱ ከጠዋት ጀምሮ ይናገር ነበር።

ጋሼ መጨበጫውን ሲፈቱት በአፍንጫውና በፒስቶኗ መካከል ከቆርቆሮ የተቈረጠች ቁራጭ አገኙ። መጨበጫውን የገጠመው ሌላ መካኒክ ነው። ቤተ ሰቡ ተቈጥቶ ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች ወሰደው፤ ሰውየውም ቀርቦ አልካደም። «አዲሱ መጨበጫ ላላ ብሎ አየሁት፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ልጅ የላላ ፍሬን ሰጥቼ አልልከውም ብዬ ነው» አለ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ ቀን አሰብሁ። ሰውየው ሥራውን የተማረው የፊት ፍሬናቸው በገመድ በሚሠራ ሞተሮች ላይ ነው። በእነዚያ ሞተሮች ላይ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ መጨበጫው እየላላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎበዝ መካኒክ የሚባለው ቶሎ ቶሎ የሚያጠብቅ ነው። ጥቂት ቢበዛበት እንኳ ጎማው ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ነጂው ያውቃል፤ ገመድ በሙቀት አይሰፋምና ራሱን በራሱ አያጠብቅም። በዲስክ ፍሬን ግን የሸራውን መሳሳት ዘይቱ ራሱ ይተካዋል፤ በመጨበጫው በኩል የሚጠብቅ ነገር የለም። የቀረችው ጥቂት መላወሻ ጉድለት መስላ ብትታይም የዚያች ጠባብ በር ቁልፍ ናት። በሌላው ዓለም ከገመድ ወደ ዘይት የተደረገው ጉዞ ከ70 ዓመት በላይ የፈጀ ነው፤ መካኒኩም፣ መጽሐፉም፣ ትምህርት ቤቱም አብረው ሄደዋል። በእኛ መንደር ግን ሁለቱ ዘመናት በአንድ መሪ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በአንድ ካርቶን ታሽገው ደረሱ፤ ከነርሱም ጋር የመጣው ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሰውየው ቸልተኛ አልነበረም። በግራው እጅ ሕግ ቀኙን ገጠመው፤ ጥንቃቄውም ነው ቆርቆሮዋን ያስገባው። ይህን ስል ወንድሜን ያስቀየምሁ መሆኔን አውቃለሁ፤ ትከሻው የተሰበረው የእርሱ ነውና።

ሽማግሌዎቹ የዘመንን ነገር አልመረመሩም፤ የመረመሩት ሰውየው መዋሸት አለመዋሸቱን ነው። ሞተሩን ያለ ዋጋ እንዲጠግን፣ የሕክምናውን ወጪ ወንድሜ እንዲችል ተስማሙ።

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ሲመጣለት ወደ ጋሼ ይልክ ነበር፤ አሁን ራሱ መሥራት ጀምሮአል። ባለፈው የእረፍት ጊዜ ሲሠራ አየሁት። መጨበጫውን ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ በባዶ የምትሄደዋን ርቀት ይፈልጋል፤ ካጣት ይፈታዋል። መብራቱ መጥፋቱን ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ከዚያም የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥቶ መጨበጫውን ደጋግሞ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ጎማውንም በእጁ ያሽከረክራል። ጎማው ብዙ ዞሮ በራሱ ጊዜ ሲቆም ብቻ ነው እጁን ጠርጎ ሒሳቡን የሚቀበለው።